የጣልኩትን ላነሳ

ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ወርዶ፣
የመንገዱን ጃንጥላ አንድ ባንድ አዋርዶ፣
ትሪየስቴ ስትንገዳገድ ገመድ ይዛ ቆማ፣
እኔ ሊቪዮ ሱቅ ውስጥ ኪስና ልቤን ሳስማማ።

ሃያ ሁለት ዓመት ነው ካሜራ ከጣልኩኝ፤
አልሸጥኩት፣ አልሰበርኩት፤ መሳቢያ ጨመርኩኝ።
ፊልም አጣቢው ማርዮ ሱቁን የዘጋ 'ለት፣
እኔም አብሬው ዘጋሁ ሳልሰናበት።
ወደብ ላይ ክሬን ማዞር፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ልጅ፣ ኪራይ፣ ጥርስ ሐኪም፤ እንዲህ ሲል አበቃ።
ማንም አልቀማኝም፤ እኔው ነኝ የጣልሁ፤
ጡረታዬ ሲደርስ ላነሳ ተነሣሁ።

የድሮው ካሜራ ቁልፉ ሦስት ነበር፤
ብርሃን፣ ርቀት፣ ጊዜ፤ ሌላው የዓይን ነገር።
የዛሬው ጉድ ግን ማውጫው ማውጫ ይወልዳል፤
አንዱን በር ስዘጋ ሌላ በር ይከፍታል።
ወፍ ያውቃል፣ ፊት ያድናል፣ ድመት ይለያል፤
«ፈገግ ሲሉ ብቻ ላንሳ ወይ?» ይለኛል።
እኔ ኀዘን ባነሳስ? ፈቃድ ልጠይቀው?
ያንን ቁልፍ ሊቪዮም የት እንዳለ አላወቀው።

ሦስት አሰለፈልኝ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ።
አንደኛው ደረተ ሰፊ፣ ሠርገኛ መሳይ፤
አንገቴ ላይ ሳጠልቀው እንደ ቀንበር ከብዶ
ወገቤ አቤት አለ፣ የክሬን ወንበር ለምዶ።
ሁለተኛው ትንሽዬ፣ ኪስ ውስጥ የሚጠፋ፣
ጣቴን በቁልፍ ፍለጋ በከንቱ የሚያለፋ።
ሦስተኛው ያገለገለ፤ ጠርዙ ተፍቆ፣ ብረቱ ወጥቶ፣
ጎማው ላይ የሌላ ሰው አውራ ጣት ተኝቶ።

«ይሄ ሃያ አራት ሚሊዮን፣ ያኛው አርባ አምስት ነጥብ፣»
ሊቪዮ እየጠራ ቁጥር በቁጥር ሲደርብ፣
እኔ ጆሮዬን ጣልኩ መዝጊያው ለሚለው፤
አንዱ ቀጭ፣ አንዱ ድም፣ አንዱ ጸጥታ ነው።

ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለሚስቴ አልነገርኩም።
ለሊቪዮ ነገርኩት፣ ከሐኪም በፊት፤ አላፈርኩም።
«ውስጡ ማረጋጊያ አለው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ነፋሱንም እጅህንም ይይዛል ሸሽጎ።»

የራሴን ካርድ ከትቼ በሦስቱም ሞከርኩኝ፤
የማነሳው ባጣ የሱኑ እጅ አነሳሁኝ።
ሦስት እጅ በኪሴ ይዤ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣
አልጣሽን ላማክራት ደረስኩ ተንሳፍፌ።

ስክሪኑ ላይ አሰፋሁት፤ ጥፍሩን፣ ጸጉሩን ቆጠርኩ፤
«ይሄኛው ይጠራል፣ ያኛው ይፈዛል» እያልኩ።
አልጣሽ መነጽሯን ከግንባሯ ጎትታ
አየች፣ አየችና ዝም አለች ለአፍታ።
«የዚህ ሰው እጅጌ አንድ ቁልፍ የለውም፤
ቁልፍ የምትተክልለት እቤቱ የለችም?»

ሦስት ካሜራ ሙሉ ቁልፍ ስቆጥር ውዬ፣
ያንድ ሸሚዝ ቁልፍ እንዴት አለፈኝ ብዬ
ቁጭ አልኩ።
እራቱ ቀዘቀዘ።

በነጋታው ሄድኩኝ፤ ቦራ ደክሞት ተኝቷል፤
ሊቪዮ ያው ሸሚዝ ነው፤ እጅጌውን አጥፏል።
ሦስተኛውን ወሰድኩ፤ ሦስት መቶ ስልሳ ዩሮ፤
ሃያ ቀነሰልኝ፣ የጠርዙን ጭረት ቆጥሮ።
አልጣሽ በወረቀት የጠቀለለችውን
ነጭ ቁልፍ ከነክሩ፣ ከነመርፌውን፣
አስቀመጥኩለት ከሳንቲሙ ጎን።
ገለጠው።
ምንም አላለም። ገባው መሰለኝ፤
መስኮቱን አየና መልሶ አየኝ።

«ላንሳህ?» አልኩት። አንገቱን አቀና፣
እጅጌውን ሊሸሽግ ሞከረና፣ ተወና፣
ቁልፏን በመዳፉ ጨብጦ ቀረ።
ተጫንኩ። ቀጭ።
ማረጋጊያውን ማብራት ረስቼ ነበረ፤
ፊቱ ትንሽ ሄዷል፣ መዳፉ ደብዝዟል።

«ይሰረዝ?» ይላል ካሜራው።
እስካሁን ይጠብቃል።